ከሥር የነበረው ወረቀት

ደሙ የሚፈሰው ከአፉ ነው ከአፍንጫው? ቀና በልልኝ ብለው እንቢ አለኝ። የልጅ ልጄ ኦንዮ የዕቃ ማጠቢያው ላይ ተደፍቶ ይተፋል። ገንዳው ውስጥ ያቆርኩት ውሃ ቀልቷል፤ እኔ የሚታየኝ ማጅራቱ ብቻ ነው።

ለሰፈሩ ከምሸጠው በረዶ አንድ ከረጢት አወጣሁለት። "ማን ነው እንዲህ ያደረገህ? ባለሦስት እግር ትራይስክል ገጨህ? ንገረኝ እንጂ ልጄ!"

ፊቱን ይበልጥ ወደ ገንዳው ደፋ።

በግድ አገጩን ይዤ አዞርኩት። ከፊት ለፊት አንድ ጥርስ የለም። ባለፈው ወር የተሰፋው ቅንድቡ እንደገና ተተርትሯል። የቅንድቡን እንኳ ማን እንዳደረገው አውቃለሁ፤ ኢንጂነር ቪልያፍሎር ነው። ብረት ስንት ተሸክሞ እንደሚሰበር የሚያስተምረው ሰውዬ። አንዲት ነጥብ ያለቦታዋ ከተቀመጠች የብረት ማስመሪያውን ወደ ተማሪው ይወረውራል። ኦንዮ ያንን ትምህርት ሲወስድ ይሄ ሦስተኛው ነው፤ ዘንድሮም ከወደቀ ከኮሌጁ ይሰናበታል።

በሩ ከግድግዳው ተላተመ።

"እዚህ ነህ አይደል! ከሎላ ቀሚስ ሥር!"

ቤንሆ ነው፤ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል ተከራይቶ አራት ዓመት ሙሉ ሩዜን የበላ፣ እንደ ኦንዮ ሎላ፣ አያቴ፣ እያለ የሚጠራኝ ልጅ። የእጁ አንጓዎች ተልጠዋል። የኦንዮ ጥርስ የት እንደቀረ ያኔ ገባኝ። ከኋላው ኒምፋ፣ የታችኛው ክፍል ተከራዬ፣ ሸሚዙን ይዛ ትጎትተዋለች። ሦስቱም አብረው ነው የሚማሩት።

"ተወው፣ በቃው!" ትለዋለች።

"ምኑ ነው የበቃው? ሎላ፣ ይሄ ቅዱስ ልጅዎ የሠራውን ያውቃሉ? ለዲኑ ደብዳቤ ጻፈ። ስም የሌለው ደብዳቤ! ዛሬ ጠዋት ኢንጂነሩን አባረሩብን። ፈተና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው!"

የበረዶው ከረጢት ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተሰነጠቀ።

"ደግ አደረጉ" አለች ኒምፋ። "እብድ ነው ሰውዬው። ገና ጫማው ኮሪደሩ ላይ ሲሰማኝ ያጠናሁት ሁሉ ይጠፋኛል።"

"አንቺ መቼ አጥንተሽ ታውቂያለሽ? ባለፈው ዓመት የመንግሥትን የምህንድስና ፈቃድ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎቹ አንድ አልወደቀም። አንድ! ለእግዜርም ቢሆን ከሰባ አምስት በላይ አይሰጥም፣ እናውቃለን። ይምታን! እኔንም መትቶኛል። ነገ የሠራነው ድልድይ ሰው ይዞ ከሚወርድ ዛሬ አንድ ቅንድብ ቢሰነጠቅ ምን አለበት?"

"ያንተ ቅንድብ አይደለማ!"

አልሰማትም። በርጩማውን አንሥቶ ወረወረው። ኦንዮ ጎንበስ አለ፤ በርጩማው የሳህን መደርደሪያውን አገኘው። የምሳው ሩዝና የደረቀ ዓሣ ከነስብርባሪው ወለሉን ሞላው። ወዲያው ቤንሆ ዘሎ አንገቱን አነቀውና ከግድግዳው ጋር አላተመው። አንዴ። ሁለቴ። ኮኮናት ከዛፍ ወርዶ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማው ነው የተሰማው። ጭልፋዬን ይዤ ጀርባውን ደበደብኩት። "ልቀቀው! ልጄን ልትገድልብኝ ነው! ልቀቀው!" ጭልፋው ተቆለመመ፤ ቤንሆ ዞርም አላለ።

"ደብዳቤው ላይ ማስመሪያው ተጽፏል አሉ! ቅንድቡ ተጽፏል! አምስት ቦታ መሰፋቱ ሳይቀር ተጽፏል! ካንተ ሌላ የማን ቅንድብ ነው የተሰፋው? በል ተናገር፣ ማን ጻፈው?"

ኦንዮ በቀረችው ትንፋሽ፣ "እኔ ነኝ" አለ።

ቤንሆ ሆዱን በቡጢ አለው። ኦንዮ ሲታጠፍ ከኪሱ አንድ ቢጫ ወረቀት ወደቀና እግሬ ሥር ተዘረጋ። ሒሳብ ከሚሠሩበት ጥራዝ የተገነጠለ ነው፤ ቁጥር ግን የለበትም። ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ተቀብቷል። በጥቁረቱ መካከል ነጫጭ ፊደላት ወጥተዋል፣ ወፋፍራም፣ ያዘነበሉ፣ ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ፊደል። *ክቡር ዲን ሆይ፣ ልጃችንን ሳይገድልብን…*

የእኔ ጽሕፈት።

ማክሰኞ ዕለት እሱ ሳይኖር ከጥራዙ አንድ ወረቀት ገንጥዬ ነው የጻፍኩት። ለካ ጥራዙ ላይ አስደግፌ እስክሪብቶውን ስጫን፣ ከሥር ያለው ወረቀት ቃል በቃል ይዞት ቀርቷል። ለካ ልጄ ያውቃል። እያወቀ ነው ጥርሱን ያስነቀለው።

"ቤንሆ" አልኩ። "ልጁን ልቀቀው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

እጁን ላላ አደረገ፤ አየኝና ሳቀ፤ የደከመው ሰው ሳቅ። "አይ ሎላ! እርስዎማ እሱን ለማዳን ከሆነ ጌታን የሰቀልኩት እኔ ነኝም ይላሉ።"

"በእናቴ መቃብር! እየው፣ ወረቀቱን እየው፣ ይኸው…"

ጎንበስ አልኩ። ኦንዮ ግን በዳዴ መጥቶ ቀደመኝ። ወረቀቱን ጨምድዶ ይዞ ተነሣና ማጠቢያው ውስጥ፣ የገዛ ደሙ ውሃ ውስጥ ነከረው። በጣቶቹ አሸው፣ አሸው፣ ቡኮ እስኪሆን ድረስ። ኒምፋ ማልቀስ ጀመረች። ቤንሆ የተላጠ እጁን ብብቱ ሥር አድርጎ ቆሟል፤ ምን እንዳየ እሱም አልገባውም።

"ኦንዮ፣ ልጄ" አልኩ፣ "ንገራቸው። ፈተናውን እንዴት ከነሱ ጋር ትቀመጣለህ? ንገራቸው!"

አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። በሌላው አየኝ። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ሩዙንና ስብርባሪውን እየረገጠ በጠረጴዛው አጠገብ አለፈ። ለፈተናው የሚያስፈልገው ካልኩሌተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሱቅ ሲልኩት እንኳ ያለ እሱ ወጥቶ አያውቅም። አላነሣውም። የአጥሩን በር ከፍቶ ወጣ።