የተበሳው ማሰሮ

አቶ አያልነህ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያያል። እኛም ብርጭቆውን እናያለን። ውስጡ ያለው አሁን ከጓሯችን ጉድጓድ የቀዳሁት ውሃ ነው፤ ከጎንደር ያመጣውን ጠብታ ጠብ አድርጎበታል። ትናንት በማሰሮ ያወረድነው የውሃ መድኃኒት ጉድጓዱ ውስጥ ካለ ውሃው ቢጫ ይሆናል ብሎናል። አይሆንም። ምንም እንዳልሰማ ጭጭ ብሎ ይቀመጣል።

«መድኃኒቱ የለበትም» ይላል አቶ አያልነህ። የጤናው ሰው ነው የምንለው። ከወረታ እዚህ ድረስ ያን ሁሉ ጭቃ ያቦካው ይችን ለማለት ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፤ ጫማው ብብቱ ሥር ነው።

አባቴ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ሲቆፍር ከከረመ ወዲህ ወገቡ አልተቃናም።

«እንግዲያውስ ማንኪያው ነው» ይላል። ይህን ሲል እኔን አያየኝም።

ማንኪያው እኔ ነኝ። ክረምቱን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ከብቱም ሰውም ካንድ ኩሬ ጠጣና ሰፈሩ ሁሉ ሆዱን ታሞ ተኛ። ውሃው ሲሸሽ አባቴ ጓሮውን ቆፈረ። አቶ አያልነህ መጥቶ አየና፣ ክሎሪን የሚሉት የዱቄት መድኃኒት ካልገባበት ይኸም ያው ነው አለ፤ ሁለት መንገድም ሰጠን። አንዱ፣ ዱቄቱን ካሸዋ ጋር ጎኑ በተበሳ ማሰሮ ከትቶ፣ አፉን በቆዳ አስሮ ጉድጓዱ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። መድኃኒቱ በቀዳዳዋ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሰውም ወደ ሥራው ይሄዳል። ሌላው፣ ጧት ጧት ዱቄቱን በማንኪያ ለክቶ፣ በባልዲ በጥብጦ፣ አፍስሶ፣ እስኪሠራ ድረስ ቀጅውን ሁሉ እየመለሱ መቆም ነው። ለመለካት ወረቀቱን ማንበብ ያሻል፤ ከቤቱ የሚያነብ እኔ ብቻ ነኝ። አባቴም ፈረደ፤ ማሰሮው ከሠራ ወረታ ተማሪ ቤት እመለሳለሁ፣ ካልሠራ እቀራለሁ። ማንበብ ስለቻልሁ ነው እንግዲህ ትምህርት የምተወው። እንዲህ ያለ ፍርድ ጎንደርም ወጥተው ቢፈልጉ አይገኝ።

«እኔስ መጀመሪያውኑ ብያለሁ» ትላለች ጎረቤታችን እትየ ገላነሽ፣ እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ። «ያችን ምስኪን ሸክላ ሠሪ ወለተ ሚካኤልን ስንት ዘመን ሸክላዋን እያንኳኳን ‹ተሰንጥቋል፣ ያፈሳል› ስንላት ኖረን፣ ዛሬ ሄደን በስተሽ ስጭን! ‹ይፋግ ገበያ ቢሰማ ማን ይገዛኛል› ብላ እኮ በነጠላዋ ሸፍና ነው ያመጣችው።»

ማንም አይስቅላትም። ሁሉም ደክሞታል።

«ላውጣው» እላለሁ።

«ምኑን?» ይላል አባቴ።

«ማሰሮውን። ከሥራ ሲያባርሩት ጥፋቱ አይነገረውም እንዴ?»

አቶ አያልነህ ፈገግ ይላል። እናቴ ከጉድጓዱ ማዶ ቆማለች። «ተይው፣ አንች ልጅ» ትላለች። «ገመዱ ይበጠሳል።»

ትናንት ገመዱን አስራ ያወረደችው እሷ ናት፤ እሷ ያሰረችውን ደግሞ በሬም አይበጥሰው። እስባለሁ። ማሰሮው እየተንጠባጠበ ይወጣል። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ወለተ ሚካኤል ስታመጣው ቀይ ነበር።

አቶ አያልነህ በጣቱ ይነካዋል። «ይኸ የተቀባው ምንድን ነው?»

እትየ ገላነሽ ጎንበስ ብላ ታሸትና እናቴን እያየች ሳቋን ትለቀዋለች። «አሟሽታው! በጎመን ዘር ጥርቅም አድርጋ አሟሽታው! አይ ንግሥቲ!»

«ታዲያስ» ትላለች እናቴ፣ መሬት መሬት እያየች። «አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ውሃ ይገባል እንዴ? እጄ ለምዶ ነው።»

አሁን አባቴ ሳይቀር ይስቃል። አቶ አያልነህም ግራ እንደተጋባ ይስቃል፤ ሌላው ሸክላ እንዳያፈስ የሚደረገውን፣ እንዲያፈስ ተብሎ በተሠራው ላይ አድርጋዋለች።

እኔም ልስቅ ነበር። የጎመን ዘሩን ከቀዳዳዋ ላይ ባውራ ጣቴ ስፍቀው ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ይነካኛል። ለስላሳ ነው። ሰም ነው፤ እናቴ ለሚካኤል የምታበራው ጧፍ ሰም፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ፣ የጣቷ ምልክት ከላዩ ታትሞበት። በሰም የሚያሟሽ ሰው ደግሞ እስከዛሬ አላየሁም።

ቀና ስል እናቴ እያየችኝ ነው። እህቴ ካሰች ይፋግ ከተዳረች ወዲህ ውሃው፣ እንጨቱ፣ ኩበቱ፣ ጥጃው የእሷ ብቻ ነው፤ ማሰሮው ካልሠራ እኔ እቀርላት ነበር። ከተማሪ ቤት ስመለስ ሁልጊዜ ቆማ ነው የማገኛት። አሁንም እንደቆመች ናት፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። ዓይኗ አይቆጣኝም፣ አይለምነኝምም። ደክሟት ብቻ ያየኛል።

አፌ ላይ የመጣ ነገር አለ። እኔ ደግሞ አፌ ላይ የመጣ ነገር ቀርቶልኝ አያውቅም።

«ምን አገኘሽ?» ይላል አባቴ።

«ጎመን ዘር» እላለሁ። ሰሟን በጥፍሬ ፈልቅቄ መዳፌ ውስጥ እጨብጣታለሁ።

ከቀዳዳዋ ነጭ ውሃ ቀጥኖ ይወርዳል፤ ሽታው አፍንጫ ይወጋል። «ይኸው፣ ይሠራል!» ይላል አቶ አያልነህ። «አውርዱት።» አባቴ ወገቡን ይዞ ይነሣል። «በይ እንግዲህ፣ ሰኞ ትሄጃለሽ» ይለኛል።

ገመዱን ላወርድ ስል እናቴ መጥታ ከእጄ ትወስደዋለች። ክንድ በክንድ፣ ቀስ እያለች ትለቀዋለች። ማሰሮው ውሃውን ሲነካ ይሰማናል። ገመዱን ከጉድጓዱ አፍ በተጋደመው ግንድ ላይ ታስርና አባቴ ከተነሣበት ቦታ ትቀመጣለች።

ሰሟ መዳፌ ውስጥ ሞቃ ለስልሳለች። እጄን ገለጥ አድርጌ አያታለሁ። የእናቴ ጣት ምልክት ጠፍቶ የእኔ ገብቶባታል።