ማክሰኞ ሰማንያ ቀኗ ነው

ቅዳሴ እንዳበቃ ቄሱ የእጅ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። “በምርጫው ቀን ይህን የቤተ ክርስቲያን ልጅ የማይመርጥ የተገዘተ ይሁን!” አሉ። እጩው ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ከጎናቸው ቆሟል። ሕዝቡ ተሰልፎ መስቀሉን ተሳለመ። የተሳለመ ሁሉ እንደማለ ነበር የሚቆጠረው። ሕፃን ያቀፈች አንዲት ሴት ግን ተራዋ ሲደርስ ከንፈሯን ገጥማ ቆመች።

“ተሳለሚ እንጂ፣ ልጄ!”

“እሳለማለሁ፣ አባ። መጀመሪያ ግዝቱን ያንሡ።”

“እንዲያ ከሆነ ማክሰኞ ልጅሽን ይዘሽ እንዳትመጪ። አላጠምቅም!”

ማክሰኞ የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ነበር። ሳትጠመቅ ክፉ ቢያገኛት እዚህ ግቢ ውስጥ አፈር አይሰጧትም። ሕፃኗን አጥብቃ ያዘች እንጂ መስቀሉን አልተሳለመችም። ይሄኔ እጩው ጣልቃ ገባ።

“ይተዉ አባ፣ አይቆጡ፤ እኔ አስታርቃለሁ። ልጅቱን ክርስትና የማነሣት እኔው ራሴ ነኝ!” አለና እጁን ወደ ሕፃኗ ዘረጋ።

“ኧረ ጉድ!” አሉ አንዲት ባልቴት ከሰልፉ መካከል። “ለሴት ልጅ ክርስትና አባት? ይኼ ሰውዬ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው?” ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ቄሱ መስቀሉን ቀስ ብለው ካባቸው ውስጥ ከተቱ። ሴትየዋ አልሳቀችም።

“የልጄን ጥምቀት መያዣ ያደረጉት ለዚህ ሰው ነው?” አለች። “ማክሰኞ በጠዋት እመጣለሁ፣ አባ። ክርስትና እናቷን ይዤ።”