አንድ እርምጃ ወደፊት

አስተባባሪዋ፣ «ከሁለታችሁ ጦሟን አድራ የምታውቅ አንድ እርምጃ ወደፊት!» ስትል ከሁለቱ ተማሪዎች አንዷን እግሯ ቀደማት። ዩኒቨርሲቲው ለችግረኛ ተማሪዎች ከሚሰጠው የአመራር ስኮላርሺፕ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ተፎካካሪዋ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

ከተራመደች በኋላ ነው እናቷ ከወላጆች ወንበር መቀመጧ ትዝ ያላት። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ለሰፈሩ ሁሉ፣ «ድሃስ ድሃ ነኝ፤ ልጄ ግን አንድ ቀን ጦሟን አድራ አታውቅም!» እያለች ደረቷን የምትነፋ ሴት ነበረች። ነገሩም እውነት ነበር፤ ሌላ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም። ቃል ቢሆን ልጅቷ ታጥፈው ነበር፤ እርምጃዋን ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶታል።

«እናታችን፣ እውነቷን ነው?» አለች አስተባባሪዋ ወደ ልጅቷ እናት ዞራ።

እናትየው ቀስ ብላ ተነሳች። መርፌ የበሳሳቸውን ጣቶቿን በቀሚሷ እጥፋት ሸሸገች። ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል፣ «እውነቷን ነው» አለች። «ስንት ሌሊት እንደሆነ እንኳ አልቆጠርኩትም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። አስተባባሪዋም ያለፈው ረሃብ ትዝ ያላት መስሏት፣ እቅፍ አድርጋ አባበለቻት።