የሽፈራው ጭማቂ

ስለ ዕፅዋት የሚመራመረው ልጅ ከቤተ ሙከራው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሮጠ። እናቱ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ተኝተዋል። ሐኪሙ ወደ ጎን ወስዶት፣ «የጉበት መድኃኒታቸውን አቋርጠዋል። አሁን ከእኛ አቅም በላይ ሆኗል፤ መጸለይ ነው» አለው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ክኒኑን ለምን ተውሽው?»

«የሽፈራው ቅጠል እየጨመቅሁ እጠጣለሁ። ጉበት ያድሳል።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ? የቱ አታላይ ነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ አልለቀውም!»

እናቱ እየደከማቸው ሳቁ።

«አንተ ሞኝ! ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ በሬዲዮ ያዳመጥኩህ ለታ፣ ‹ቅጠሉ አንቲ ምናምን አለው፤ የአይጦቹ ጉበት ዳነ› አላልክም? ጎረቤታችን ጋሽ ደነቀውም ክኒናቸውን ጥለው ጀምረዋል። ጠዋት ጠዋት ይመርቁሃል።»