የላይኛው አልጋ መብራት

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ዱሬሳ፣ አልጋና ፍሪጅ ያለው ያ ሚኒባስ ልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ ካለችው ጋራዡ ደጃፍ እንደገና ቆሞ ሲያየው በረጅሙ ተነፈሰ።

«እትዬ ሠርካዲስ፣ ዛሬም ባትሪው ወርዶ አደረ?»

«ወርዶ አደረ እንጂ! ፍሪጁ ጠፍቶ ኢንሱሊኔ ተበላሸብኝ። ነገ ጎሬ ልሄድ ነው፤ ወይ መኪናዋን አድናት፣ ወይ እኔን ቅበረኝ!» ብለው ሳቁ።

ዱሬሳ የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያውን ባትሪው ላይ አገናኝቶ፣ በዛለ ክንዱ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ፈተሸ። ወደ ላይኛው አልጋ መብራት የሚሄደውን ሲነቅል የመለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ ወደቀ።

«ባትሪውን የሚጨርሰው ይኼ ነው፤ ሲበራ ያድራል። ላይ የሚተኛው ሰው አጥፍቶ ይተኛ እንጂ!»

«ኧረ ልጄ፣ ብቻዬን ነው የምጓዘው። እኔ በዚህ ጉልበቴ እዚያ ልወጣ? መጋረጃውንም ገልጬው አላውቅ።»

ዱሬሳ ለመከራከር አቅም አልነበረውም። ሽቦውን ቆርጦ በናስትሮ ጠቀለለና ባትሪውን መልሶ አሰረ። ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ቅዝቃዜውን በእጃቸው ሲሞክሩ፣ ከተዘጋው የላይኛው አልጋ መጋረጃ ጀርባ ድካም የተጫነው ድምፅ ተሰማ፦

«ምናለ ብትታገሱኝ፤ አንድ ገጽ ብቻ ነበር የቀረኝ።»