ፈሪው ዋሻ ሲገባ

ሩሃማ የጻፈችው የዘንዶና የጨለማ ልቦለድ ሦስተኛና የመጨረሻ ቅጽ በአቶ ኣፅብሃ እጅ ነበር። ጡረተኛው ወታደር የልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ የመጨረሻውን ገጽ ሁለቴ አነበቡት። እሷ አጠገባቸው ቆማ ትጠብቃለች።

«በሁለቱ ቅጾች ጓዶቹን ጥሎ የሸሸው ሰውዬ፣ እዚህ ብቻውን ወደ ዘንዶው ዋሻ ገባ?» አሏት።

«ገባ፣ ጋሼ።»

«እየፈራ?»

«እየተንቀጠቀጠ።»

አቶ ኣፅብሃ ቀስ ብለው ተነሡ። ኮፍያቸውን አወለቁና ታቦት ሲያልፍ እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ሩሃማ ከራሷ ጭንቅላት የወጣ አንድ ፈሪ እንዲህ ይከበራል ብላ አስባ አታውቅም።

«እኔ ከጦር ሜዳ ሸሽቼ ቀርቻለሁ፣ ልጄ» አሉ በለሆሳስ፤ «ዛሬ ግን አብሬው ገባሁ።»