ተቀራራቢ ቁጥሮች

ፕሮግራመሩ ሐኪም ቤት መሄድ አይወድም። ለሐኪም ቤት የሚሆን ፕሮግራም ግን ሠርቷል። ምልክቱን ሲነግሩት የትኛው በሽታ ስንት ከመቶ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ችግሩ መዘግየቱ ነበር። በሽታና ምልክቱ እንደ ድር ስለተያያዙ፣ ለእያንዳንዱ ጥምረትም የየራሱ ቁጥር ስለተሰጠው አንድ መልስ ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ያሰላል።

ሲያሰላ ደግሞ ኮምፒውተሩ ይግላል። የተቀመጠው መኝታ ክፍል ውስጥ ነውና ፕሮግራመሩ ጠዋት ሲነሳ ሸሚዙ በላብ ርሶ ያገኘዋል። ሥራ በዝቶበት ምግብ ስለሚረሳም ቀበቶው ሰፍቶታል።

ሚስቱ ለሥልጠና ከሄደች ወዲህ ቤቱን የያዙት አማቱ ናቸው። አንሶላ ያጥባሉ፣ ልብስ ይተኩሳሉ፣ ነጋ ጠባ የሐኪም ነገር ያነሳሉ። አንድ ቀን ሲሰለቸው፣ ሐኪሙ ይኸውልዎት እማማ ብሎ ኮምፒውተሩን አሳያቸው።

አማቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እሺ፣ ይጠይቅ» አሉ።

ፕሮግራመሩ ከስክሪኑ እያነበበ፣ ሌሊት ያልብዎታል ወይ አላቸው። ያልበዋል አሉ። ያስልዎታል? ያስለዋል፣ ይኸው ሁለት ወሩ። ከስተዋል? ከስቷል እንጂ። ሴትዮዋ ሲናገሩ እንዲህ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ሲያማቸው እንኳ «ደግሞ አኮረፈ» ነው የሚሉት፤ ገላቸውን እንደ ጎረቤት ያሙታል። ፕሮግራመሩ ፈገግ ብሎ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣ ለሁሉም «አዎ» የሚለውን ተጫነ።

ማሽኑ ሲያሰላ ዋለና «የሳንባ በሽታ፣ ሰማንያ ከመቶ» አለ።

ፕሮግራመሩ ክው አለ። አማቱን እንደ እናቱ ነው የሚወዳቸው። ቆይቶ ግን ተጽናና፤ እንዲህ ያለ መርዶ የሚመጣው ቁጥር ሲበዛ ነው፣ ቁጥር ደግሞ ይቀነሳል።

ፕሮግራሙን ያቀል ጀመር። ተቀራራቢ ቁጥሮችን ሰብስቦ በአማካያቸው ተካቸው። ከአንድ በመቶ በታች የሆነውን ዜሮ አደረገው። የሁለት ወር ሳልና የሁለት ቀን ሳል አንድ መደብ ገቡ፤ ሳል ያው ሳል ነው። የሌሊት ላብና የቀን ላብም እንዲሁ። ትንሽ ነገር ይጠፋል፣ ግን ምንም አይደል እያለ ጉሮሮውን ጠረገ።

አሁን መልሱ በዓይን ጥቅሻ መጣ፤ «ጉንፋን፣ ዘጠና ከመቶ»።

ሮጦ ሄዶ አበሰራቸው። አማቱ ግን አልተደሰቱም። ማሽንህም እንዳንተው ሆነ አሉና፣ ነገ እውነተኛ ሐኪም ዘንድ እንዲወስዳቸው፣ አብሯቸውም እንዲገባ አዘዙት። የእናት ትእዛዝ ነው፣ እምቢ አይባልም።

መንገድ ላይ ያ ሰማንያ ከመቶ ትዝ እያለው ፈራ። ቁጥር ማቅለል ቀላል ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አልቀል አለው። ሐኪሟ የአማቱን ደረት ስታዳምጥ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ በልቡ ይጸልይ ነበር።

ሐኪሟ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወረደች።

«እማማ ከእኔ ይሻላሉ። ላብ የለ፣ ሳል የለ፣ ክሳት የለ። ይኼን የነገርከኝን ሁሉ ምልክት ከየት አመጣኸው?»

«ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ» አለ ፕሮግራመሩ፣ መሐረቡ ውስጥ እያሳለ።

አማቱ ተነሱና ወንበሩን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

«እኔ ያልኩት ‹ያልበዋል› ነው፤ ‹ያልበኛል› መቼ አልኩ፣ ልጄ?»